እንዝርቱን ያየችው እሷ ነች፦ የአንድ የወርቅ መርፌ ማስቀመጫ ጉዳይ

ፒያሳ ወርቅ ቤት ጀምሬ አሁን ፓሪስ ውስጥ በአንድ የጥገና ወርክሾፕ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራችን የሚጻፍ አይደለም። ቀለበት ይሰፋል፣ ሐብል ይቀጠላል፣ ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ይህን አንዱን ግን መዝግቤ ያስቀመጥኩት በአንድ ዕቃ ላይ ሦስት ጊዜ ለስህተት ስለተጠጋሁ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ሙሉ በሙሉ ተሳስቼ ነበር፤ ያረመችኝም የሙያው ሰው አልነበረችም። ባለንብረቷ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ሰፈሯንና የአሠሪዎቿን ማንነት ትቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው

የመርፌ ማስቀመጫ ነው። ርዝመቱ 9.4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ትንሽ ጣት ያህል። ክዳኑ ማጠፊያ የለውም፤ ከሥሩ ያለው ቀጭን አንገት ላይ ተጭኖ ይገጥማል። ባዶውን ሲመዘን 17.2 ግራም ነው።

የብረት መርፌ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ልቅ ሲሆን ይጠፋል፣ ሲጠፋ ደግሞ እግር ውስጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቤት ያስፈልገዋል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይህ ቤት ከአጥንት፣ ከእንጨት፣ ከብር ይሠራ ነበር። ያለው ደግሞ ከወርቅ ያሠራል። ለእመቤቲቱ የመስፊያ ዕቃም ጌጥም ነበር፤ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ፊት የሚወጣ ነገር ስለሆነ አሠሪው በጌጡ አይሰስትም።

የዚህኛው ወርቅ ባለ ሦስት ቀለም ነው። ወርቅ ላይ መዳብ ሲበዛ ይቀላል። መዳቡን ትቶ ብር ብቻ ቢጨመርበት ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። የሠራው አንጥረኛ መደቡን ቢጫ፣ ቅጠሎቹን አረንጓዴ፣ አበቦቹንና ጥብጣቡን ቀይ አድርጎታል። መደቡ አያብረቀርቅም። በመርፌ ጫፍ በሚያህል መምቻ ነጥብ በነጥብ ተወግቶ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሆኗል፤ ምስሎቹ ጎልተው የሚታዩት ለዚህ ነው። ሆዱ ላይ ሁለት ሞላላ ክፈፎች አሉ። በአንዱ ውስጥ የአውሬ ቆዳ ትከሻዋ ላይ የጣለች፣ ወፍራም ዱላ የያዘች ሴት ቆማለች። እግሯ ሥር ጡንቻው የፈረጠመ ወንድ ተቀምጧል፣ እጁ ላይ አንድ ነገር አለ። በሌላው ክፈፍ ቀስቱን መሬት ያስቀመጠ ክንፋም ሕፃን አለ። ሰዎቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

እንዴት እጇ ገባ

ባለንብረቷ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ኢትዮጵያዊት ናት። አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊትን ስድስት ዓመት አስታማለች። ሁልጊዜ «ማዳም» ነው የምትላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ማዳም ሲያርፉ ልጃቸው ይህን ዕቃ ከመስፊያ ሣጥኑ አውጥታ ሰጠቻት። አብሮት ማዳም በእጃቸው የጻፏት ትንሽ ካርድ ነበረች። ዕቃው ለእሷ እንዲሰጥ ይላል፣ ከፈገግታዋ ጋር የተያያዘ አንድ ዓረፍተ ነገርም አለው።

ያቺ ካርድ ከወርቁ እኩል ሥራ ሠርታለች። ፈረንሳይ ውስጥ ቤት ለቤት የሚያስታምም ሠራተኛ ከሚያስታምመው ሰው ስጦታም ኑዛዜም እንዳይቀበል ሕግ ይከለክል ነበር። ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤቱ ይህን ክልከላ የሻረው በማርች 2021 ነው። የእሷ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ወሬው ግን ከሕጉ በኋላም ይኖራል፤ «አስታማሚዋ ወሰደችው» ማለት ለማንም ቀላል ነው።

ችግሩ

አገር ቤት የጀመሩት ቤት ጣሪያ ላይ ቆሟል። ብር ያስፈልጋታል። ስለዚህ መንገዷ ላይ ወዳለ አንድ ወርቅ ገዢ ሱቅ ጎራ አለች። ሰውዬው መዘነው። ሳይጠይቃት የዕቃውን መቀመጫ በሞረድ ፈግፍጎ አሲድ ጠብ አደረገበት። «18 ካራት ነው» አላት። 18 ካራት ማለት ከሺህ 750 እጅ ወርቅ ነው፤ 17.2 ግራም ተባዝቶ 12.9 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይወጣዋል። ዋጋውን በዚያው ልክ ነገራት። ከዚያ «ከየት አመጣሽው?» አላት። ጥያቄው የሕግ ነው፣ ገዢ የሻጭን ማንነት መመዝገብ አለበት። አጠያየቁ ግን የሕግ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ሰውዬው ዕቃውን ሲነቀንቀው ውስጡ አንድ ነገር ተንቀጫቀጨ፤ ገልብጦ ቢመታው አልወጣም። መቁረጫውን አነሳ። «ለማቅለጥ ስለሆነ ግድ የለም፣ ልቁረጠውና መርፌዎቹን ላውጣ» ሲላት ዕቃውን ከእጁ ነጥቃ ወጣች።

እኔ ጋ የመጣችው በጓደኛ በኩል ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ በግራም ልሽጠው ወይስ ሌላ ነገር አለው?»

ጥያቄዋ የሞኝ አይደለም። ፒያሳ ወርቅ ስትገዛ የግራሙንና የእጅ ዋጋውን ትከፍላለህ። መልሰህ ስትሸጥ የእጅ ዋጋው ይቀራል፣ ግራሙ ብቻ ይሰላል። ለአምባርና ለሐብል ይህ ልክ ነው፤ ዘንድሮ የተሠራውን አምባር ከርሞም ይሠሩታል። እንዲህ ባለው አሮጌ ሥራ ላይ ግን ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል፣ ግራሙ ትንሹ ነገር ይሆናል። «ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አይገለበጥም። እሷንም ተስፋዋን እንዳታስረዝም አስቀድሜ ነገርኳት።

ማኅተሞቹ ምን አሉ

የመጀመሪያው ሥራ አለመሥራት ነው። ፎቶ፣ ሚዛን፣ ማጉያ። ውሃ እንኳን አላስነካሁትም።

ቤተሰቡ ውስጥ ዕቃው «የማሪ አንቷኔት ዘመን» ነው ይባል ነበር። ንግሥቲቱ የተገደለችው በ1793 ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ባለ ሦስት ቀለም ወርቁ ያንን ዘመን አስመስሎብኝ ነበር። አንገቱ ላይ ያሉት ማኅተሞች ግን ሌላ አሉ።

አንደኛው የበግ አውራ ጭንቅላት ነው። ይህ ምልክት ፓሪስ ውስጥ በትንንሽ የወርቅ ሥራዎች ላይ የተመታው ከ1819 እስከ 1838 ነው። ከ1838 በኋላ ቦታውን የንስር ጭንቅላት ተክቶታል፣ እስከ ዛሬም የፈረንሳይ የ18 ካራት ምልክት እሱ ነው። ሁለተኛው የአንጥረኛው የራሱ ማኅተም ሲሆን ቅርጹ እንደ ካርታ ዳይመንድ ነው። የአንጥረኛ ማኅተም እንዲህ ይሁን ያለው የኖቬምበር 1797 ሕግ ነው። ከአብዮቱ በፊት የፓሪስ አንጥረኞች ማኅተም ዘውድና የነገሥታቱን አበባ የያዘ ነበር። አንዱ ማኅተም ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፣ አሮጌ ዕቃ ላይ በኋላ የሚመታ ምልክት አለና። ሁለቱ አብረው ሲመሰክሩ ግን ማሪ አንቷኔት ከወሬው ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ልጨምር። ከ1819 ጀምሮ ማኅተም ሲመታ ዕቃው የሚቀመጥበት ትንሽ መስፍ ፊቱ ላይ ደቃቅ ነፍሳት ተቀርጸውበት ነበር። ባለሙያው ከላይ በመዶሻ ሲመታ ከውጭ የበጉ ጭንቅላት ይታተማል፣ ከውስጥ ደግሞ የነፍሳቱ ምስል። አስመሳይ ሁለቱንም መሥራት አለበት ማለት ነው። ክዳኑን አንስቼ በአንገቱ ውስጠኛ ወገን በማጉያ ስፈልግ፣ ከማኅተሙ ትክክል ጀርባ አንድ ክንፍና ሦስት ቀጫጭን እግሮች አገኘሁ። ግማሽ ጢንዚዛ። ያን ቀን ምሳዬን ደስ ብሎኝ በላሁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪክ ተረት የተቀረጸበት ወርቅ ሰው ያፈዝዛል። ሉቭር ሙዚየም በ1896 የሳይታፈርኔስ ዘውድ የተባለውን በ200,000 ፍራንክ ገዝቶ ነበር፣ የጥንት የግሪክ ሥራ ነው ብሎ። ዘውዱ ላይ የሆሜር ታሪክ ተቀርጾበታል፣ ያየው ሁሉ ተደነቀ። ጀርመናዊው ሊቅ አዶልፍ ፉርትቬንግለር ያኔውኑ ሐሰት ነው ቢል የሰማው ጥቂት ነበር። በ1903 እስራኤል ሩኾሞቭስኪ የሚባል የኦዴሳ አንጥረኛ ፓሪስ መጥቶ ሠሪው እኔ ነኝ አለ። አላምን ሲሉት ቁጭ ብሎ የዘውዱን ክፍል መልሶ ሠራላቸው።

ሥዕሉ፦ የኔ ስህተት

ሦስተኛው ቀን ላይ መዝገቤ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሴት ተዋጊ፣ ምናልባት ከግሪክ ተረት ሴት ጦረኞች ከአማዞኖቹ አንዷ፣ እና የተማረከ ወንድ። ወንዱ የያዘው ሰይፍ ምላጩ ተሰብሯል። መደቡ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት አለ።» የጎደለውን ምላጭ እንዴት እንደምተካም በእርሳስ ነድፌ ነበር። ጭረቱን ደግሞ በመወልወል ለማጥፋት አስቤያለሁ።

ቅዳሜ እሷ መጣች። ማጉያውን ሰጠኋትና እንዴት አንድ ዓይን ጨፍና እንደምታይ አሳየኋት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ እየፈተለ ነው!»

«ምን?»

«እንዝርት ነው የያዘው። ይቺውልህ። ክሩም ይታያል እኮ።»

ማጉያውን ተቀበልኳት። ጭረት ብዬ የጻፍኩት መስመር ከግራ እጁ ተነስቶ ቀኝ እጁ ላይ ያልቃል። ከፀጉር የቀጠነ ነው። ጭረት ሰው እጅ ላይ ተነስቶ ሰው እጅ ላይ አያልቅም። ሰይፍ ያልኩት ነገርም ከታች በኩል ትንሽ ድቡልቡል አለችው። እሷ እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ሲፈትሉ ያደገች ልጅ ናት፣ ባዘቶውን የምታቀብለው እሷ ነበረች። እኔም እንዝርት አይቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ጡንቻማ ወንድ እጅ ላይ አልጠበቅኩትም እንጂ። እኛ አገር ሽመናው የወንድ፣ ፈተላው የሴት ነው። ዓይኔ የሚያውቀውን ነው ያየው።

እንዝርቱ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ወንዱ ሄርኩለስ ነው፣ የግሪክ ተረት ኃያል ጀግና። ሴቲቱ ኦምፋሌ ናት፣ የልድያ ንግሥት። ታሪኩ አጭር ነው፦ ሄርኩለስ ኢፊጦስ የሚባል ሰው ገድሎ ደዌ ያዘው። የዴልፊ ጠንቋይ ደሙን ለማስተሰረይ ባሪያ ሆኖ መሸጥ እንዳለበት ነገረችው። የገዛችው ኦምፋሌ ነች። አንዳንዱ ተራኪ አንድ ዓመት አገለገላት ይላል፣ ሌላው ሦስት። በኋላ የመጡት ደግሞ የሴት ልብስ አልብሳ ከደንገጡሮቿ ጋር ሱፍ አስፈተለችው ብለው አስፋፉት። እሷ የእሱን የአንበሳ ቆዳ ለበሰች፣ ዱላውን ያዘች። ክንፋሙ ሕፃን ኤሮስ ነው፣ የፍቅር አምላክ፤ ቀስቱን ያስቀመጠው ሥራውን ስለጨረሰ ነው። ጀግናውን የጣለው እሱ ነዋ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሉቭር ሄድኩ። ፍራንሷ ለሞዋን በ1724 የሣለው ሄርኩለስና ኦምፋሌ እዚያ አለ። የአንበሳ ቆዳ፣ ዱላ፣ እንዝርት፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም አለ። እዚህ ከተማ ስኖር ስንት ጊዜ በፊቱ አልፌያለሁ።

አሁን አንጥረኛው ለምን ይህን ታሪክ እንደመረጠ ገባኝ። መርፌ ቤት ላይ ክር የሚፈትል ሄርኩለስ! ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ጥልፋቸውን ይዘው ሲቀመጡ መርፌ ባወጡ ቁጥር የሚስቁበት ነገር ነው። እኔ የሰይፍ ምላጭ ብጨምርበትና ክሩን ብወለውለው ኖሮ ቀልዱ ይሞት ነበር፣ የሚያውቅ ገዢም በአንድ ዕይታ «ተበላሽቷል» ይል ነበር። መዝገቡ ላይ የድሮውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም። በላዩ አንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ «እንዝርት» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑንና ያየችውን ጨምሬ።

መርፌዎቹ

ውስጡ የቀሩት መርፌዎች በዝገት ተጣብቀዋል። ገልብጦ መምታት ገዢው ሞክሮታል፣ ያተረፈው ነገር የለም። በጉጠት መግባት አይቻልም፣ አፉ ጠባብ ነው፤ ቢገባም ውስጡን ይቧጭራል። ዘይት ማስገባት አልፈለግኩም፣ በኋላ ይጠራቀማል፣ ቆሻሻ ይይዛል።

የሠራው ቀላሉ ነገር ነው። ጥቂት ንጹሕ አልኮል አስገብቼ አንድ ሌሊት አሳደርኩት። ጠዋት ጠንካራ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ከውጭ በኩል ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልኩ ጎተትኩ። ማግኔት ብረትን ይስባል፣ ወርቁን አይነካውም። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዷ ተላቀቀች፣ በማግኔቱ ተከትላ አፉ ድረስ መጣች። ሁለተኛዋም መጣች። ሦስተኛዋ መሃል ላይ ተሰበረች፣ ጫፏ ከሥሩ ቀርቷል። አሁንም እዚያው ነው። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ነጭ ክር ነበረች።

እርሳሱ

ከክዳኑ አንገት ሥር አንድ ስንጥቅ ነበር። ከሱ ጎን ቆሻሻ የሚመስል ግራጫ ነገር አለ። በሞቀ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ አጠብኩት፣ ቆሻሻው ሄደ። ግራጫው አልሄደም። በእውነት ለመናገር ስንጥቁን ለመበየድ ምላሱ ቀጭን የሆነውን የእሳት ቧንቧ አዘጋጅቼ ነበር። እጄን የያዘው የግራጫው ቀለም ነው። በብረት ጫፍ ስነካው ለስላሳ ሆኖ ተፋቀ። እርሳስ፣ የሚጻፍበት ሳይሆን የሚበየድበት ለስላሳ ብረት።

የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሰው ይህን ስንጥቅ ራዲዮ እንደሚጠግን በእርሳስ ለጥፎታል። የወርቅ ሠራተኛ የሆነ ሰው እዚህ ጋ ያዝናል። እርሳስ የነካው ወርቅ እሳት ካገኘው እርሳሱ ወርቁ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ብል ይበላዋል። ደቂቃ ሳይሞላ ስንጥቁ ቀዳዳ ይሆናል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ባለ ሦስት ቀለሙ ጌጥ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

በማጉያ ሥር ሆኜ እርሳሱን በትንሽ መፋቂያ ለሁለት ቀን ፋቅኩ። የሚታየው ወጣ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብዬ አላምንም። ስለዚህ እሳት ተወ፣ ሌዘርም ተወ። ስንጥቁን የደገፍኩት ፓራሎይድ ቢ-72 በሚባለው ሙጫ ነው። የሙዚየም ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ነው፤ ጥሩነቱ ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ በአሴቶን አሟሙቶ ሊያነሳው መቻሉ ነው። መጥፎነቱ ደካማ መሆኑ ነው። ክዳኑን በየቀኑ መክፈትና መዝጋት አይቻልም። ይህን ጥገናው ተሳካ ብዬ አልጽፈውም። እንዳይብስ አደረግኩት፣ በቃ።

መቀመጫው ላይ ገዢው በሞረድ የፈገፈገው ቦታም እንደዚያው ቀርቷል። ልወለውለው እችል ነበር። ግን ጭረቱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሌላ ወርቅ መብላት አለብኝ። የካራቱን ጉዳይ ወርቁን ሳይነካ በሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያ አየነው፤ መደቡ 18 ካራት ሆኖ ተገኘ። ያ ሞረድ ያለ ጥቅም ነው ያረፈበት።

ለተመሳሳይ ጉዳይ የሚሆን

እንዲህ ያለ ዕቃ እጁ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ማጠብ ይመስለዋል። አይደለም። ፎቶ ነው፣ በሁሉም ጎኑ፣ ከነቆሻሻው። እኔ የክዳኑን ጫፍ ከመታጠቡ በፊት በቅርብ አላነሳሁትም። እዚያ ላይ የነበረው ጥቁር ነገር ቆሻሻ ይሁን የጥላ ማቅለሚያ አሁን መመለስ አልችልም። ይቆጨኛል።

ወርቅ ገዢ ሱቅ ስትገቡ «ሞረድና አሲድ እንዳይነካው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከተነካ በኋላ መቆጣት ዋጋ የለውም። ሰውዬው የተማረው ማቅለጥ ነው፣ መርፌ ቤት አይቶ የሚያየው 12.9 ግራም ነው። ፓሪስ ውስጥ የጨረታ ቤቶች ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ግምት ይሰጣሉ፣ መጀመሪያ እነሱ ጋ ጎራ ማለት የሚያስከፍለው የሜትሮ ቲኬት ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት፣ ካርድም ሆነ መልእክት፣ ከዕቃው ጋር እንዳይለያይ።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ ምስሉ ማን እንደሆነ ሳታውቁ «የጎደለውን» አትሙሉ። ያልጎደለ ነገር ልትሞሉ ትችላላችሁ። ጭረት የመሰላችሁን መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ተከተሉት። ግራጫ ነገር ካያችሁ እሳቱን አጥፉ። ዕቃውንም ለባለቤቱ በማጉያ አሳዩት፣ ቡና ፈልቶ ጊዜ ተሰጥቶት። እኛ በመጽሐፍ የምንፈልገውን አንዳንዱ ሰው ከእናቱ ደጃፍ ይዞት ይመጣል።

ሽያጩ

ሸጠችው። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፣ ማስታወሻ አድርጋ ማስቀመጥ ነበረባት ይላሉ። ጣሪያው የእነሱ አይደለም።

ዕቃው ፓሪስ ውስጥ በጨረታ ቀረበ። ስንጥቁ፣ እርሳሱ፣ የሞረዱ ጭረትና ከሥሩ የቀረችው የመርፌ ጫፍ ሁሉ በመግለጫው ላይ ተጻፈ፤ እኔ ነኝ ይጻፍ ያልኩት። ሄርኩለስና ኦምፋሌም በስማቸው ተጻፉ። ሲሸጥ ለማቅለጥ ከተባለላት ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል አወጣ። ከዚያ ላይ የጨረታ ቤቱ ድርሻ ተቀነሰ። ወርክሾፑ የኔን ሰዓት ሙሉውን ቢያስከፍላት ኖሮ ትርፉ አብዛኛው እዚያው ያልቅ ነበር፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰዓቱን እንደ ትምህርት ቆጥረን ተውነው። ስንጥቁ በእርሳስ ባይለጠፍ፣ ሞረዱም ባያርፍበት ኖሮ ከዚህ የበለጠ ያወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። በስንት እንደሚበልጥ ግን አልገምትም።

ገዢው ካርዷንም ጠይቆ ነበር፣ የዕቃውን ታሪክ ስለምታሳይ። እሷ ኮፒ አስነስታ ሰጠችው፣ ዋናውን አስቀረች። መርፌዎቹን ግን ማንም አልፈለጋቸውም፤ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬያቸው ነበር። ገንዘቧን ልትወስድ በመጣችበት ቀን ትዝ አሏት። አወጣሁላት። ክር ያለባትን መርጣ ወሰደች፣ ሌሎቹን ተወቻቸው። አሁን የካርዷ ጥግ ላይ ሰክታ ነው የምታስቀምጣት።